ዘይቱ ወዴት ይሄዳል? ከጋራዥ ቦይ እስከ ቀይ ባሕር የደረሰው ክር

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ምላሾቹ በዝተው ብዙ ሰው መሃል ላይ እንዳቋረጠው አይቻለሁ። ስለዚህ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ በቁጥራቸው እየጠራሁ ላውጋችሁ።

መነሻው ከስታዲየም ጀርባ ያለች አንዲት ጋራዥ ናት። ሐምሌ ነው፣ ዶፉ ገና ማባራቱ ነው። ግቢው ውስጥ አንድ በርሜል ተንጋለለና የተቃጠለ ዘይትና ናፍታ ፈሰሰ። ቁልቁለቱ ወደ መንገዱ ነው። መንገዱ ዳር ቦይ አለ፣ ቦዩ ደግሞ ወደ ባንተይቀጡ ወንዝ ነው የሚወርደው። መጀመሪያ ውሃው ላይ ጥቁር ጅራት ታየ። ቀጥሎ ጅራቱ ሰፋ፣ ሳሳ፣ ዳር ዳሩ ሐምራዊና አረንጓዴ እያለ እንደ ቀስተ ደመና ሆነ። አንዱ ልጅ ሰጋቱራ በአካፋ ይበትናል። ሌላው ኦሞ በባልዲ በጥብጦ ይደፋበታል። ሁለቱም ላብ በላብ ሆነዋል። ዘይቱ ግን ቀድሟቸዋል። እኔ እስከ ድልድዩ ተከተልኩት፣ ከዚያ በኋላ ጠፋብኝ።

ማታ ሦስት ጥያቄ ጻፍኩ። ባሕር ላይ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ቢሰበር ዘይቱ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል ወይ? ለመከላከል የሚደርሱት ሰዎች መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ? ነዳጃችን በጅቡቲ በኩል የሚመጣልን እኛስ ይህን ማወቅ አይገባንም ወይ? ሁሉ ነገር የሚጀምረው ዘይቱን ዙሪያውን በተንሳፋፊ አጥር በማጠር ነው ብዬም ጨመርኩ። ተሳስቼ ነበር። ያረሙኝም እዚሁ ክር ላይ ናቸው።

ምላሽ 1 አጭር ነበር። ባሕር የሌለው አገር ሰው ስለ ባሕር ላይ ዘይት ምን አገባው የሚል ነው። ክፋት ያለው አልመሰለኝም፣ ግን ይቆረቁራል።

ምላሽ 2 የመጣው ከአንድ የቦቴ ሾፌር ነው። እኔ ከምመልስለት ይሻላል። ጅቡቲ ዶራሌ ከሚገኘው ከሆራይዘን የነዳጅ ተርሚናል ጭኖ ስንት ዓመት እንደተመላለሰ ነገረው። መርከቧ ወደቡ ካልገባች እሱ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ነው የሚያድረው። እሱ ካልመጣ ደግሞ ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው በእግሩ ይሄዳል። በዚህ መልኩ ነው ያገናኛቸው። ለምላሽ 1 ወንድሜ እያለ ነው የጻፈለት።

ምላሽ 3 መርከብ ላይ የሚሠራ መሐንዲስ ነው፣ ባቦጋያ ሰልጥኖ ነው የወጣው። የእሱን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ማጠር የመጀመሪያው ሥራ እንዳልሆነ የነገረኝ እሱ ነው። መጀመሪያ ቧንቧው ይዘጋል፣ ካልተቻለም ዘይቱ ከተሸነቆረው ጋን ወደ ደህናው ይዛወራል። ማርፖል በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ከ150 ጠቅላላ ቶን (የመርከብ ግዝፈት መለኪያ ነው) ጀምሮ ያለ ዘይት ጫኝ መርከብ፣ ሌላውም ከ400 ጀምሮ፣ ዘይት ቢፈስ ማን ምን እንደሚያደርግ የተጻፈ ዕቅድ ይዞ መጓዝ አለበት። መርከቡ ላይ ለዚህ የተለየ ቁም ሳጥን አለ። ውስጡ ምን እንዳለ ሲዘረዝር ደነገጥኩ። አካፋ፣ ባልዲ፣ ጨርቅና ሰጋቱራ! ልክ እንደ ጋራዡ ልጅ። ግን ሰጋቱራው ለመርከቡ ወለል ብቻ መሆኑን አስምሮበታል። ባሕር ላይ ከተበተነ ዘይቱን ጠጥቶ ይሰምጣል፣ ከሰመጠ ማንም አያወጣውም።

ምላሽ 4 ላይ አንዲት የ4 ኪሎ የፊዚክስ ተማሪ ገባች። የመጀመሪያ ጥያቄዬን በቀጥታ የመለሰችው እሷ ናት። ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ዘይት የነፋሱን ፍጥነት 3 በመቶ ያህል ይዞ ይሄዳል። ነፋሱ በሰከንድ 10 ሜትር ከሆነ ዘይቱ በሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። በ24 ሰዓት ሲባዛ ወደ 26 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከለገሃር ተነስቶ ቃሊቲን አልፎ እንደመሄድ ቁጠሩት። በአንድ ቀን።

ምላሽ 5 በጨዋ ቋንቋ አረማት። የነፋሱ ድርሻ ልክ ነው፣ ግን ውሃው ራሱ ይፈስሳል፤ ከፍሰቱ ደግሞ ዘይቱ የሚወስደው 3 በመቶ ሳይሆን ሙሉውን ነው። ፍሰቱ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ከሆነ ብቻውን በቀን 43 ኪሎ ሜትር ይገፋዋል። ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ ከሆኑ ይደመራሉ፣ ከተጋጩም ይቀናነሳሉ። እሷም አመስግና ተቀበለች። ክሩ ላይ እንዲህ ያለ እርማት ሳይ ደስ ይለኛል።

ታዲያ የባሕሩን ፍሰት በምን ያውቁታል? ምላሽ 6 ይህንን ጠየቀ፣ ተማሪዋ በምላሽ 7 ተመለሰች። ባሕር ላይ የሚለቀቁ ቦታቸውን በሳተላይት የሚናገሩ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች አሉ። ከባሕር ዳርቻ የራዲዮ ሞገድ ልከው የውሃውን ፍጥነት የሚለኩ ራዳሮችም አሉ። እነዚህ ሁሉ በማይገኙበት ቦታ ደግሞ አጥኚዎች ብርቱካን ይጥላሉ። አዎ፣ የምንበላውን ብርቱካን። ውሃ ውስጥ ጠልቆ ስለሚንሳፈፍ ነፋስ እንዳሻው አይወስደውም፣ ከውሃው ጋር ነው የሚሄደው። ከሩቅ ይታያል። ቢጠፋም ባሕሩን አይበክልም። እዚህ ላይ አንዱ በ1992 (እዚህ ክር ላይ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ከመርከብ ላይ ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ የወደቁትን 28,800 የፕላስቲክ የልጆች መጫወቻዎች አነሳ። ከወራት በኋላ አላስካ ዳርቻ መገኘት ሲጀምሩ የውቅያኖስ ተመራማሪዎች ፍሰቱን ለመለካት ተጠቀሙባቸው።

ምላሽ 9 ስለ ሴፈር ነው። ክሩ ከዚህ በኋላ ሌላ ክብደት ያዘ። ሴፈር ከየመን ዳርቻ ራስ ኢሳ አጠገብ የቆመች ነዳጅ ማከማቻ መርከብ ናት። ሆዷ ውስጥ ከ1.1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ድፍድፍ ነዳጅ ነበር። በ1989 አላስካ ላይ ኤክሰን ቫልዲዝ ከተባለችው መርከብ ከፈሰሰው አራት እጥፍ ያህል ነው። ጦርነቱ ከተነሳበት ከ2015 ጀምሮ ጥገናዋ ተቋረጠ። በ2020 የሞተር ክፍሏ ውስጥ የባሕር ውሃ ገባ። ጸሐፊው የነገሩን ግን ስለ መርከቧ ብቻ አይደለም፣ ስለ ነፋሱ ነው። በደቡባዊው ቀይ ባሕር ነፋሱ እንደ ወቅቱ ይገለበጣል። እኛ ጋ ክረምት ሲሆን እዚያ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይነፍሳል፣ የላዩ ውሃም በባብ ኤል መንደብ በኩል ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ይወጣል። በእኛ በጋ ደግሞ በተቃራኒው ከደቡብ ይነፍስና የላዩን ውሃ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ስለዚህ ያችው መርከብ በሐምሌ ብትሰበር ዘይቱ ወደ ጅቡቲ በኩል ሊያመራ ይችላል። በጥር ብትሰበር ወደ ሰሜን፣ ወደ ቀይ ባሕር መሃል ነው። መርከቡም ዘይቱም አንድ ነው፤ የሚጎዳው ሕዝብ ግን እንደ ወሩ ይለያያል።

እኔ ክሩን የከፈትኩት ይህን ለማወቅ ነበር ማለት እችላለሁ። መጀመሪያ የሚያስፈልገው አጥር ሳይሆን የነፋስ ትንበያ ነው። አጥሩን የት እንደምትዘረጋ የሚነግርህ ትንበያው ነው።

ምላሽ 10 ታሪኩን ጨረሰው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሌላ መርከብ ገዝቶ ከሐምሌ እስከ ነሐሴ 2023፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ዘይቱን አዛወረው። ለዚህ ከአገሮች ብቻ ሳይሆን ከተራ ሰዎችም ገንዘብ ተዋጥቷል። ቢፈስ ኖሮ ለጽዳቱ 20 ቢሊዮን ዶላር ይፈጅ ነበር ተብሎ ተገምቶ ነበር። ምላሽ 11 ግን ቆጣ ብሎ መጣ። ያ ሁሉ ዓመት ሲለመን ማን ሰማ ነው የሚለው። ቁጣው ገብቶኛል።

ምላሽ 12 ወደ ኦሞው መለሰን። ጸሐፊዋ የኬሚስትሪ መምህርት ናት፣ ጽሑፏ ኮስተር ያለ ነው። ሳሙና ዘይትን አያጠፋም፣ ያደቅቀዋል እንጂ። ከዓይን ይሰወራል፣ ከውሃው ግን አልወጣም። በ1967 ቶሪ ካንየን የተባለችው መርከብ እንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ላይ ተሰብራ ወደ 119,000 ቶን ድፍድፍ ነዳጅ ይዛ ነበር። እንግሊዞች በአውሮፕላን ቦምብ ደበደቧት። ዳርቻው ላይ የፋብሪካ ማጽጃ አፈሰሱበት። በኋላ ሲታይ ማጽጃው ከዘይቱ የባሰ ገዳይ ሆኖ ተገኘ። ምንም ሳይነካ የተተወው ድንጋያማ ዳርቻ ነበር ፈጥኖ ያገገመው። አላስካ ላይም በኃይለኛ ሙቅ ውሃ የታጠቡት ዓለቶች ላይ የሚኖሩት ፍጥረታት በሙቀቱ ተቀቅለው አለቁ። ዛሬ በታኝ ኬሚካል ይሠራበታል፣ ግን ዓይነቱ የተለየ ነው፣ ጥልቅ ውሃ ላይ ነው የሚረጨው፣ ዘይቱም ገና ሳይወፍር መሆን አለበት። የጋራዡን ልጅ ግን በአንዲት ቃል እንኳ አልተቆጣችውም። ልጁ መልካም አስቦ ነው ያደረገው።

ሳይወፍር የሚለው ቃል ምላሽ 13ን ቀሰቀሰ። መሐንዲሱ ተመልሶ መጥቶ ነው። ድፍድፍ ነዳጅ በማዕበል ሲናጥ ውሃ እየጠጣ ያብጣል፣ ሦስት አራት እጥፍ ይሆናል። ቡናማ ነው፣ እንደ ወፈረ ሊጥ። ያኔ ፓምፕ አይስበውም፣ እሳትም አይይዘውም። ስለዚህ ሰዓት ይቆጠራል። ቀጥሎ ያለው ደግሞ እኛን በቀጥታ የሚነካ ነው። ወደ እኛ የሚመጣው ድፍድፍ ሳይሆን የተጣራ ነዳጅ ነው። ቤንዚን ቢፈስ አብዛኛው በሰዓታት ውስጥ ይተናል፣ አደጋው እሳት ነው። ናፍታ ሳስቶ ይሰራጫል፣ ባብዛኛው በቀናት ውስጥ ይበታተናል፣ ግን ዓሣና ዛጎል ላይ መርዝ ነው። ከሁሉም የከፋው መርከቡ ራሱ ለሞተሩ የሚያነደው ጥቁሩ ከባድ ነዳጅ ነው። እሱ ሬንጅ በለው። ዳርቻ ላይ ተለጥፎ ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ እህል የጫነች መርከብም ብትሆን ታሰጋለች።

ከምላሽ 14 እስከ 19 ያለውን በአጭሩ አልፈዋለሁ። ወሬው ወደ ወደብ ዞረ። አሰብ፣ ምጽዋ፣ 1993፣ ማን ሰጠ፣ ማን ወሰደ። ስድብ ቀረሽ ንግግር ነበር። ሁለቱ ከክሩ ታግደዋል። ሁሉም የሚናገረው ስለ ባሕሩ ባለቤትነት ነበር፤ ባሕሩ ውስጥ ስላለው ነገር ማንም አላነሳም።

መካከል ላይ ግን ምላሽ 17 አለ። እባካችሁ እሱን አትዝለሉት። አሰብ ማጣሪያ የሠሩ አንድ አዛውንት ናቸው፣ አሁን ካዛንቺስ አካባቢ ይኖራሉ። ማጣሪያው በ1997 እስኪዘጋ ድረስ እዚያው ነበሩ። ክርክሩ ውስጥ አልገቡም። የጻፉት ስለ አንድ ሌሊት ነው። ከመርከብ ዘይት የሚቀዳበት ጎማ ሲፈታ ጥቂት ፈሰሰ። ኃላፊው ፋኖስ ሳይሆን መጀመሪያ ያስመጣው ገመድ ላይ የታሰረ ጨርቅ ነበር። ጨርቁን ከፍ አድርጎ ሰቀለና የሚውለበለብበትን አየ። ከዚያ ወጣቶቹን ዘይቱ ወዳለበት ሳይሆን ሊደርስበት ወዳለው የዳርቻ ጫፍ ላካቸው። ጆንያ ውስጥ ጭድ ሞልተው፣ ጆንያዎቹን በወፍራም ገመድ ቀጣጥለው ጠበቁት። ሲነጋጋ መጣላቸው። ተማሪዋ ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ ብላ መለሰችላቸው፣ ነፋሱ በየትኛው ወር እንደሚዞርም ጠየቀቻቸው። እሳቸውም አንቺ ልጅ፣ በርቺ ብለው የአሰብን ነፋስ ከወር እስከ ወር ጻፉላት።

ምላሽ 20 የእሳቸው ጆንያ ሌላ ነገር አስታውሶት መጣ። በሐምሌ 2020፣ አሁንም በፈረንጆቹ፣ ዋካሺዮ የተባለች የጃፓኖች መርከብ ሞሪሸስ የኮራል ድንጋይ ላይ ወጣች። ለቀናት ቆማ ቆይታ ነሐሴ 6 ቀን ነዳጇ መፍሰስ ጀመረ፣ 1,000 ቶን ያህል። ሕዝቡ የሸንኮራ አገዳ ገለባ በጨርቅ እየጠቀጠቀ፣ በባዶ ፕላስቲክ ጠርሙስ እያንሳፈፈ፣ ረጅም አጥር ሰፋ። ፀጉሩንም ቆርጦ ሰጠ። ፀጉር ዘይት ይይዛል።

ምላሽ 21 ከፒያሳ ፀጉር አስተካካይ ነው። ከልቡ ነው የጠየቀው። እሱ ጋ በቀን የሚጠረገው ፀጉር ወደ ቆሻሻ ነው የሚሄደው፤ ጆንያ ሞልቶ ለጋራዦቹ ቢሰጥ ይጠቅማል ወይ? ምላሽ 22 ግን ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰበት። ገለባውም ፀጉሩም ዘይት ከጠጣ በኋላ ራሱ አደገኛ ቆሻሻ ነው፣ የት ልትጥለው ነው አለው። ቃሉ ሸካራ ነው። ጥያቄው ግን ትክክል ነው። ሞሪሸስም ላይ ዘይት የጠጣው ገለባ መሰብሰብ ሌላ ትልቅ ሥራ ሆኖ ነበር። ሁለቱ ተነጋግረው መጨረሻ ላይ ተስማሙ። ጋራዥ ውስጥ፣ ደረቅ ወለል ላይ፣ በክዳን በርሜል እስከተጠራቀመ ድረስ ፀጉር ይጠቅማል።

ምላሽ 23 ስለ አጥሩ አቅም ነው። ባለሙያ መሆኑ ያስታውቃል። ተንሳፋፊው አጥር ከውሃው በታች የሚወርድ ቀሚስ አለው። ፍሰቱ ፊት ለፊት ሲመታው በሰከንድ ከ35 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ዘይቱ ከቀሚሱ ሥር ሾልኮ ያመልጣል። ለዚህ ነው አጥር በሰያፍ የሚዘረጋው፣ ዘይቱን ለማስቆም ሳይሆን ወደ ጸጥተኛው ውሃ ለመምራት። እዚያ ላይ ነው የሚገፈፈው። ስልባቦት ከወተት ላይ እንደሚገፈፍ አድርጋችሁ አስቡት፣ ድስቱ ግን ይወዛወዛል። በ2010 የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ከባሕር ሥር የተቆፈረ የነዳጅ ጉድጓድ ለ87 ቀን ሲፈስ የዓለም መሣሪያ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ባወጣው ግምት ከባሕር ላይ የተገፈፈው 3 በመቶ፣ የተቃጠለው 5 በመቶ ነው።

ምላሽ 24 ይህን አይቶ ታዲያ ትንበያው ምን ሊረባ ነው ብሎ ተነሳ። ትናንት አይዘንብም ተብሎ ዘንቧል፣ ሦስት ቀን ወደፊት የባሕር ዘይት እንናገራለን ይላሉ፣ ውሸት ነው የሚል ነው። ምላሽ 25 የመለሰለት ሰው በአየር ትንበያ ሥራ ላይ ነው፣ አንቱ እያለ ነው የመለሰለት። ዘይቱን የሚከተለው ስሌት የሚነሳው ከነፋስ ትንበያ ነው፣ የነፋሱ ስህተት ወደ ዘይቱ ይገባል። ስለዚህ አንድ መስመር አይሰምሩም። ነፋሱን ጥቂት ጥቂት እየለዋወጡ ስሌቱን ደጋግመው ያስኬዱና ዘይቱ ሊደርስ የሚችልበትን ሰፊ ቦታ ይከልላሉ። ሳተላይት ባለፈ ቁጥር ያርሙታል። የራዳር ሳተላይት ሌሊትም፣ ደመናም ቢሆን ያያል፤ ዘይት ትንንሾቹን ሞገዶች ስለሚያስተኛቸው ባሕሩ ላይ እንደ ጥቁር ጥላ ይወጣል። ነፋስ ከሌለ ግን ባሕሩ ሁሉ ጥቁር ነው፣ ነፋሱ ከበረታም ዘይቱ አይለይም። ይኸው የትንበያ ሥራ ነው ለእኛም ክረምት የሚሠራው፣ ከቀይ ባሕር የሚመጣ እርጥበትም ለዝናባችን አንዱ ምንጭ ነው። ምላሽ 24 አልመለሰም። ከዚያ በኋላ ግን ሌሎች ምላሾችን ሲያደንቅ አይቼዋለሁ።

ምላሽ 26 ወደ ባንተይቀጡ መለሰን። አንዱ የጋራዡ ዘይት ዞሮ ዞሮ ጅቡቲ ባሕር ይገባል ብሎ ጻፈ። ምላሽ 27 አረመው። ባንተይቀጡ ከቀበና ይገናኛል፣ ከዚያ አቃቂ፣ አባ ሳሙኤል፣ አዋሽ። አዋሽ ግን ባሕር አይደርስም። ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ስለዚህ የእኛ ዘይት እዚሁ ነው። አቃቂ ዳር ጎመንና ሰላጣ በዚያ ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ ወደ ገበያችን ይመጣል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ድልድዩ ላይ ቆሜ የጠፋብኝ ቀስተ ደመና ወዴት እንደሄደ ያወቅኩት በዚህ ነው።

በማግስቱ ጋራዡ ሄድኩ። ባለቤቱን ጋሼ ብዬ ነው ያናገርኩት። ከምላሽ 17 ያገኘሁትን ነገርኩት፣ ዘይቱን ከማሳደድ ቀድሞ ሊሄድበት ያለውን ቦታ መያዝ። ግቢውን አብረን ዞርነው። ውሃ በጆግ ደፋን፣ ወዴት እንደሚወርድ አየን። በሁለት ቦታ ብቻ ነው የሚወጣው። አሁን ሁለቱም ቦታ ላይ ሰጋቱራ የሞላ ጆንያ ተቀምጧል፣ ባለክዳን በርሜልም አለ። ፒያሳ ላለው ፀጉር አስተካካይም የጋራዡን ባለቤት ስልክ ሰጥቼዋለሁ።

እስካሁን የመጨረሻው ምላሽ 31 ነው። ተማሪዋ የቦቴ ሾፌሩን ዶራሌ ሲደርስ የነፋሱን አቅጣጫ እንዲጽፍላት ለምናው ነበር። ትናንት ጻፈ። ከምዕራብ፣ ከመሬቱ ወደ ባሕሩ፣ አቧራ የተሸከመው ከምሲን ነው፣ የመኪናውን በር እንኳ ለመክፈት ያስቸግራል። ዛሬ ቢፈስ ከወደቡ ይርቃል፣ ወደ ዘይላ በኩል ነው የሚሄደው ብላ መለሰችለት። እሱ ደግሞ ሌሊት ላይ ዞሮ ከባሕሩ በኩል መንፈስ መጀመሩን ጨመረ፣ ወረፋው ገና ነው፣ ጧት ደግሞ አይቶ ይጽፍላታል።